በረዶ በዘነበ ቀን ከሕፃናት ጋር በቤት ስለ መዋል

በባሕር ማዶ ባሉት ብርዳም አገሮች፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ የለሰለሰ አመዳይ መንገዱን በሸፈነው ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሕፃናትም በቤት ይውላሉ። በአገራችን ግን እንዲህ ያለው አመዳይ እንደ ራስ ዳሸን ባሉት በስሜን ከፍተኛ ተራሮች ላይ አልፎ አልፎ ይታያል እንጂ በከተሞቻችን አይታወቅም። ሆኖም በአምቦና በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ፤ በረዶውም ቆርቆሮውን ሲደበድብ፤ ሕፃናት ከደጅ የማይወጡበት ቀን ብዙ ነው። በነዚህ ወሮች ትምህርት ቤት ዝግ ስለ ሆነ፤ ልጆቹን የሚያውላቸው ቤተ ሰቡ ብቻ ነው። አንዳንድ ወላጆች ይህን ቀን እንደ ባከነ ይቈጥሩታል፤ ወይም ልጁ ዝም እንዲል ስልክ ሰጥተው ይተዉታል። እኛ ግን የበረዶ ቀን በጥንቃቄና በዕውቀት የተያዘ እንደ ሆነ፤ ለሕፃን ከትምህርት ቀን አያንስም እንላለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የሕይወት ነገር ነው። ብርዱ ሲጠና የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። ነገር ግን ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ሊገድል ይችላል። ጢሱ አልቆ ፍሙ ቢቀላም እንኳ መርዙ አይቀርም። ስለዚህ በተዘጋ ቤት ከሰል አይንደድ፤ ይልቁንም ለልጆች ልብስ ይደረብላቸው። ልጅ ራሴን አመመኝ፤ አዞረኝ፤ አቅለሸለሸኝ ያለ እንደ ሆነ፤ ሳይዘገዩ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ነጐድጓድ ሰምቶ የተደናገጠውን ሕፃን ፈሪ ብሎ መሳቅ አይገባም። መብረቁ ብልጭ ካለበት ጊዜ ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ከርሱ ጋር በአንድነት መቍጠር ይሻላል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታልና፤ እስከ 9 ሴኮንድ የቈጠሩ እንደ ሆነ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል ማለት ነው። በመቍጠር ላይ ያለ ልጅ ልቅሶውን ይረሳል። ይሁን እንጂ ነጐድጓዱ ከተሰማ መብረቁም ሊደርስ ይችላልና፤ የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይታገሡ ልጆችን ወደ ደጅ መልቀቅ መልካም አይደለም።

ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ በረዶውን በብርጭቆ ሰብስቦ ማሳየት ነው። አንዱ ፍሬ ለሁለት ቢከፈል፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሽንኵርት ልባስ በልባስ ሆኖ ይታያል። ይህም ወደ ላይ የሚነፍሰው ኀይለኛ ነፋስ የውሃውን ጠብታ ወደ ብርዱ ሰማይ አውጥቶ ስለሚያረጋው፤ ነፋሱ ሊሸከመው እስከማይችል ድረስም ሌላ ውሃ እየተደረበበት ስለሚከብድ ነው።

ቀጥሎም «ይህ ውሃ ቀልጦ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ነው። በአምቦ ከጣራ የወረደው ውሃ በሁሉቃ ወንዝ ወደ ጉደር፤ በጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የህዳሴ ግድብ አልፎ፤ በሱዳንና በግብፅ በኩል ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይወርዳል። በጊንጪ አካባቢ የዘነበው ግን የአዋሽ ነው፤ አዋሽም በቆቃ በኩል ወርዶ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች በአንድ ደመና ረጥበው፤ የውሃቸው ዕድል እንዲህ መለያየቱ ልጅን ያስደንቀዋል።

ወደ ማታ ደግሞ የእንቆቅልሽ ጊዜ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ተብሎ ይመለሳል፤ በኦሮምኛ በሚጫወቱበትም ቤት «ሂቦ» ላለው «ሂባካ» ይባላል። በአማርኛው ጨዋታ ፍቺው የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጠያቂው አባት ወይም አያት፤ አገሩን ከመቀበላቸው በፊት «በዚያ አገር ምን ይገኛል?» ብለው ቢጠይቁ፤ ልጁ ወንጪን ሲሰጥ ሐይቁን፤ አምቦን ሲሰጥ ፍል ውሃውን እየጠራ አገሩን ያውቃል። ከፍ ከፍ ያሉትም ልጆች ነሐሴ 13 ቀን ለሚውለው ለቡሄ፤ ጅራፍ መግመድን ከታላላቆቻቸው ይማሩ።

በጠባብ ቤት የዋሉ ልጆች መጣላታቸው አይቀርም። በዚህ ጊዜ በችሎት እንደሚደረገው ሁሉ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ይስማ፤ ወላጅም የሁለቱን ቃል ሳይሰማ አይፍረድ። ታናሹ ስላለቀሰ ብቻ የሚፈረድለት ከሆነ፤ ታናሹ ልቅሶን፤ ታላቁም ቂምን ይማራል።

ወላጆች ሆይ፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም፤ የሚፈልገው ጊዜና ትዕግሥት ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ተከፍቶ፤ መምህሩ ስለ ዓባይ የጠየቁት እንደ ሆነ፤ እንዲህ የዋለ ልጅ ከቤቱ ጣራ ጀምሮ እስከ ባሕር ድረስ ሊናገር ይችላል።