እጅ የሄደበት መንገድ

የጃማ ወረዳ ከተማ በሆነችው በደጎሎ ሁለት ሰዎች ውል ሲዋዋሉ ምስክሮች አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ወረቀቱ ፊርማውን ይይዛል፤ ምስክሮቹ ደግሞ እጁ ሲፈርም ያያሉ። ስልካችን ዛሬ ሊሠራው የሚችለው ይህንኑ የምስክር ሥራ ነው።

የፊርማን ቅርጽ አስመሳይ ሊገለብጠው ይችላል፤ ወረቀቱን በመስኮት መስታወት ላይ አድርጎ ብርሃን እያሳለፈበት መከተል ይበቃዋል። የባለቤቱን አካሄድ መገልበጥ ግን ይቸግረዋል። ባለቤቱ መታጠፊያውን ሳያስበው ያልፈዋል፤ አስመሳዩ እዚያው ሲደርስ እጁ ይዘገያል፣ ይቆማል።

በስልክ ስክሪን ላይ በጣት ወይም በስክሪን ብዕር ሲፈረም፣ መሣሪያው የንክኪውን ቦታና ጊዜ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ ይመዘግባል። አንዳንዱ ብዕር ጫናውንም ይለካል። በእጅ የሚታሰር ስማርት ሰዓት ደግሞ ሰውየው በተራ እስክሪብቶ ሲጽፍ የአንጓውን እንቅስቃሴ ይከታተላል፤ በሚጽፍበት እጅ ላይ ከታሰረ ማለት ነው።

ፊደላችን ለዚህ ምቹ ነው። «መ»ን ስንጽፍ አንዱ ሁለቱን ክብ በአንድ ጉዞ ያያይዛል፣ ሌላው ለየብቻ ያዞራል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «መ» ናቸው፤ በጉዞው ግን ይለያያሉ።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ስለዚህ ፊርማዎቹን የሚያነጻጽረው ፕሮግራም የጊዜውን ርዝመት እየሳበና እያሳጠረ መታጠፊያን ከመታጠፊያ ያገናኛል፤ አንዱ ፈጠን፣ ሌላው ዘግየት አድርጎ ያዜመውን ዜማ ጆሯችን አንድ መሆኑን እንደሚለይ። ዘዴው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ንግግርን ለመለየት ያገለግል የነበረ ነው።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል፦ ባዳውን ያስገባል፣ ባለቤቱን ይመልሳል። አንዱን ለመቀነስ ሲጠብቅ ሌላው ይበዛል። እርጅና ያንቀጠቀጠው እጅ፣ በአጨዳ ማጭድ የቆረጠው ጣት እንደ ትናንቱ አይፈርምም። ናሙናው በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ ምልክት እንዲፈርም ፈቅዷል። ያልተማረውን ወይም ዓይነ ስውሩን ግን ያ ምልክት ብቻውን አያስገድደውም፤ በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ ሹም ወይም ዳኛ ሊያረጋግጠው ይገባል። ሕጉ ደካማውን ለአሻራ ብቻ አልተወውም። እኛም ለስልክ ብቻ ልንተወው አይገባም። ስልኩ «ያንተ አይደለም» ያለው ሽማግሌ፣ ሲፈርም ያዩት ምስክሮች ቀርበው የሚሰሙበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።