«ኡራሚ» ጥላቻ ነውን? በጃፓንኛ የጥላቻና የቂም ቃላት ላይ አጭር ማብራሪያ

የጃፓንኛ የጥላቻ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ «መጥላት» በሚለው አንድ ግስ ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ኡራሚ» የተሰኘው ቃል ከእነዚህ ተለይቶ «ቂም» ተብሎ መተርጎም እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

በጣም የተለመደው ቃል «ኪራይ» ነው፤ ከአማርኛው «ኪራይ» ጋር የሚገጥመው በድምፅ ብቻ ነው። በባሕርይው ከግስ ይልቅ ወደ ቅጽል ያደላል፤ የተጠላው ነገርም የባለቤት ምልክት የሆነውን «ጋ» ያስከትላል። ስለዚህ «ሄቢ ጋ ኪራይ ዳ» በአወቃቀሩ «እባብ እጠላለሁ» ከማለት ይልቅ «እባብ ያስጠላኛል» ወደሚለው ይቀርባል። ቃሉ ስለ ሰው ሲነገር ይከብዳል። በመሆኑም ጨዋ ተናጋሪ «ኒጋቴ» ማለትን ይመርጣል፤ ይህም የማይሆንልንን ትምህርት ወይም ሙያ የምንገልጽበት ቃል በመሆኑ ጉድለቱን ወደ ተናጋሪው ይመልሰዋል። «ኒኩሙ» በአንጻሩ ተሻጋሪ ግስ ሲሆን ብርቱ ጥላቻን ያመለክታል።

«ኡራሙ» የሚለው ግስና ስሙ «ኡራሚ» ግን ከስሜቱ በፊት የደረሰ በደልን ይጠቁማሉ። አብረዋቸው የሚነገሩት ግሶችም ይህንኑ ያሳያሉ፤ ኡራሚ በልብ ይታቀፋል፣ ሌላውን የበደለ ሰው ኡራሚን «ይገዛል»፣ የተበቀለም ሰማይ ከደመና እንደሚጠራ ኡራሚውን ያጠራል። በአማርኛም ቂም ይያዛል፣ ይቋጠራል፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» መባሉም ስለዚህ ነው።

የሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ታሪክ ልዩነቱን ያጎላዋል። ይህ ምሁርና ባለሥልጣን በ901 (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) በሐሰት ተከስሶ ከዋና ከተማው ተጋዘ፤ በ903 ዳዛይፉ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ የደረሱት መቅሠፍቶች ቂም የያዘው መንፈሱ፣ ማለትም የ«ኦንርዮ» ሥራ ናቸው ተባለ፤ «ኦን» የሚጻፍበት ምልክት «ኡራሙ»ን ለመጻፍም ያገለግላል። በ923 ማዕረጉ ተመለሰለት። በ930 መብረቅ ቤተ መንግሥቱን መታ፤ በ947ም በኪታኖ መቅደስ ተሠራለት። ማዕረግ መመለስ ትርጉም የሚኖረው አስቀድሞ የተፈጸመ በደል ሲኖር ነው።

ጥላቻ ያለ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ቂም ግን ሁልጊዜ በዳይ አለው። ተርጓሚው «ኡራሚ»ን «ጥላቻ» ሲለው፣ «ተበድያለሁ» ያለውን ሰው «ክፉ ነኝ» ያሰኘዋል።