ስም ቢፋቅም፦ የሕሙማን መዝገብና የትንሽ ማኅበረሰብ ገበና

የሕሙማን መዝገብ በአንድ ማዕከል ተከማችቶ በሆስፒታሎች መካከል ስለ መተላለፉ በመካከላችን የሚሰማው አስተያየት ሁለት ነው። አንዳንዶች «ራሴን ስቼ ብወድቅ፣ የምወስደውን መድኃኒት ሐኪሙ ይወቅልኝ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ለሐኪም የተነገረ ገበና ለንስሐ አባት እንደ ተነገረ ምስጢር እዚያው ይቅር ባዮች ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ሁለቱም በዘለሉት ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ግለሰቡ ሳይታወቅ ማኅበረሰቡ ሊታወቅ መቻሉ ነው።

በአትላንታ አጠገብ የምትገኘውን ፓይን ሌክን እንውሰድ። ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ሂፓ» በተባለው የአሜሪካ ሕግ ሥር የተደነገገው ደንብ፣ 18 ዓይነት መለያዎች ከተፋቁ መዝገቡ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። የፖስታ ቁጥሩም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ብቻ ይቀራሉ፤ እነርሱም የሚቀሩት አካባቢው ከ20,000 በላይ ሕዝብ ሲኖረው ነው። ስለዚህ የፓይን ሌክ ሰው በጎረቤት ከተሞች ብዛት ይሸሸጋል። የትውልድ አገር ግን ከ18ቱ መለያዎች አንዱ አይደለም። ደንቡ ለትንሽ ከተማ የተጠነቀቀውን ያህል ለትንሽ ማኅበረሰብ አልተጠነቀቀም።

የግል ስም ሳይነሣ የወል ስም እንዴት እንደሚጎዳ ቤተ እስራኤል ያውቁታል። የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ስጋት ምክንያት በምስጢር ይደፋ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በጋዜጣ ሲገለጽ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ተሰለፉ። የተዋረዱት ለጋሾቹ ብቻ አልነበሩም።

ሕዝብ ሳይጠየቅ የተዘረጋ ማዕከል ዕድሜው አጭር ነው፤ የእንግሊዝ «ኬር ዳታ» ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እምቢታቸውን ካስመዘገቡ በኋላ በ2016 ተሠርዟል። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎችን መረጃ ወደ ኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ሲያሻግር 20 ስቴቶች ከሰሱት፤ ጆርጂያ ከከሳሾቹ አልነበረችም። (አገር ቤትም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል።)

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ለፖስታ ቁጥር የተበጀው የ20,000 ወሰን ለትውልድ አገርም ሊሠራ ይገባል። የማኅበረሰባችን ሕመም ሳይጠና ይቀራል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እሙን ነው። ጥናቱ ይካሄድ፤ ነገር ግን አጥኚው አስቀድሞ ወደ ማኅበረሰቡ መጥቶ፣ ዓላማውን በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም አስረድቶ ፈቃድ ይጠይቅ።