የመኪና ፎቶ ለጀማሪዎች፦ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ግቢያችሁን ለኩ

በዚህ የሙያ ገጻችን ወጣቶች ደጋግመው ስለሚያነሱት ጉዳይ እናወጋለን። “መኪና ፎቶ እያነሳሁ ትንሽ ገንዘብ ማግኘት እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?” ይላሉ። ለስደተኛ ካሜራ ምን ያደርግለታል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ዘመድ ከውጭ የላከለትን፣ ወይም እናት ቡናና እንጀራ ሸጣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለሌንስ ከፍሎ፣ ሌንሱ ከካሜራው ጋር አልገጥምም ቢል የወሩ አስቤዛ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሌንስ የመጨረሻው ወጪ ነው። መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ ቦታ፣ ሌንስ ከዚያ በኋላ ነው።

ካርቱምና መኪኖቿ

ካርቱም የኖረ ሰው መኪኖቿን አይረሳም። አምጃድ የምንላት ትንሿ ሚኒባስ፣ ባለ ሦስት እግሯ ራክሻ፣ ቦክስ የሚባለው ፒካፕ፣ ያረጀው ቢጫ ታክሲ፣ አሮጌው የቤድፎርድ ሎሪ ሁሉም የየራሳቸው መልክ አላቸው። በዴምም ሆነ በጀሪፍ ከእኛ ሰው ሹፌር የነበረ፣ በላቫጆ መኪና ያጠበ፣ ጋራዥ ገብቶ ባትላሜራ የሠራ ብዙ ነው። መኪናውን ሊሸጥ የፈለገ፣ የሰርግ መኪና ያስጌጠ፣ ራክሻውን በስቲከርና በመጋረጃ ያሳመረ ሰው ሁሉ ጥሩ ፎቶ ይፈልጋል። ፎቶግራፍ በከተማዋ የተከበረ ሙያም ነበር። የሱዳን ፎቶግራፈሮች ቡድን የተቋቋመው እዚያው ካርቱም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. መጣ። ቀኑ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ስለነበር ማንኛችንም አንረሳውም። ጦርነቱ ከተማዋን ሲያምሳት ብዙ መኪና ተቃጠለ፣ ብዙም ተዘረፈ። የተዘረፈ መኪና ታርጋው ይነቀላል፣ ቀለሙም ይቀየራል። ያኔ ባለቤቱ “የኔ ነው” ለማለት የሚቀረው ሊብሬውና የሻንሲ ቁጥሩ፣ እነሱም ከጠፉ በስልክ ውስጥ ያለች ፎቶ ናት። እንግዲህ የመኪና ፎቶ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ማሳመር፣ ሁለተኛው ማስረጃ መሆን። ባለሙያ ልሁን የሚል ወጣት ሁለቱንም መቻል አለበት።

መኪና መስታወት ነው

ሰው ፎቶ ስናነሳ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፋል። መኪና ግን እንደዚያ አይደለም። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ከኋላችሁ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ካለ በሩ ላይ ይወጣል። ቀይ ካናቴራ ከለበሳችሁ እናንተው ራሳችሁ ኮፋኖው ላይ ትታያላችሁ። ስለዚህ መኪናውን ከማየታችሁ በፊት መኪናው ምን እንደሚያይ እዩ። ከጀርባችሁ ባዶ ሜዳ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ያለው ግድግዳ ይኑር። ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። የቆሙትን ልጆች በትህትና ዘወር በሉልን በሉ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በካርቱም በሚያዝያ የመጨረሻ ሳምንትና በነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት ግድም ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። በሌላውም ጊዜ ቢሆን የቀትር ፀሐይ ጣሪያውንና ኮፋኖውን አንጥቶ ያቃጥለዋል፤ ጎኑና ጎማው ደግሞ ጥቁር ይሆናል። የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አያድንም። ጥሩው ጊዜ ማለዳ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያሉት 15 ወይም 20 ደቂቃዎች ናቸው። ያኔ ሰማዩ በሙሉ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ይሆናል፤ ከፊት ፋሮ እስከ ኋላ መብራት ድረስ በመኪናው ጎን ላይ አንድ ንጹሕ የብርሃን መስመር ይዘረጋል። ይህን ብርሃን ማንም አያስከፍላችሁም።

አቋቋሙን በተመለከተ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ፊቱንና አንድ ጎኑን አብሮ ከሚያሳይ ማዕዘን ቁሙ። ሁለተኛ፣ ጎንበስ ብላችሁ ካሜራውን በፋሮው ቁመት ያዙ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ መኪና መጫወቻ ይመስላል። ሦስተኛ፣ የፊት ጎማው ትንሽ ዞሮ ቸርኬው ወደ እናንተ ይይ። መሪውን የሚያዞረው ግን ባለቤቱ ይሁን።

ስንት እርምጃ ቦታ አላችሁ?

አሁን ወደ ሌንሱ እንምጣ። ሌንስ ላይ 18፣ 35፣ 50 የሚል የሚሊ ሜትር ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጠበብ አድርጎ ሩቁን ያቀርባል። ጀማሪዎች የሚይዙት ካሜራ ብዙውን ጊዜ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስል የሚቀበለው ክፍሉ፣ ወደ 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ይህን ካወቅን ቀሪው የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነው።

አንድ የቤት መኪና 4 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል እንበል። ከፊትም ከኋላም ትንሽ ቦታ ስንተውለት 5 ሜትር ተኩል ስፋት ያስፈልገናል። ይህን ስፋት በሌንሱ ቁጥር አባዙና ለ23 አካፍሉ፤ የሚመጣው ከመኪናው መራቅ ያለባችሁ ርቀት ነው። በ18 ሌንስ 4 ሜትር ከ30 ይመጣል፤ 6 እርምጃ ያህል ማለት ነው። በ35 ወደ 8 ሜትር ተኩል፣ 11 እርምጃ ገደማ። በ50 ደግሞ 12 ሜትር፣ 16 እርምጃ። እርምጃውን 75 ሳንቲ ሜትር አድርገን ነው የቆጠርነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ብቻውን ከ5 ሜትር ያልፋልና ለእሱ በ50 ሌንስ 14 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል።

“ታዲያ 18 ይዤ ቀረብ ብዬ ባነሳስ?” ትሉ ይሆናል። ይቻላል፣ ግን መልኩ ይበላሻል። ከቅርብ ሲነሳ የፊት ፓራውልቱ እንደ አፍንጫ ያብጣል፣ የኋላው ይኮማተራል። ሊሸጥ ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ አይጠቅመውም። ራቅ ብሎ ማንሳት መኪናውን እንደ ቅርጹ ያሳያል።

ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት የምትሠሩበትን ግቢ ወይም ሜዳ በእርምጃ ለኩ። ከመኪናው ጀምሮ 16 እርምጃ ከሌላችሁ ባለ 50ው ሌንስ ሙሉ መኪና አያስገባላችሁም፤ ለመብራት፣ ለቸርኬና ለመሪ ፎቶ ብቻ ያገለግላችኋል። 11 ወይም 12 እርምጃ ካላችሁ 35 ይሻላል። ከዚያ ካነሰ ሌንስ መግዛቱን ትታችሁ ቦታ ፈልጉ።

እንግዲህ የትኛው?

የመጀመሪያው ሌንስ ካሜራው ሲገዛ አብሮት የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ያለው ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ባይናቅ ጥሩ ነው። በቀን ብርሃን 16 እርምጃ ርቃችሁ፣ ዙሙን 50 ላይ አድርጋችሁ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ ብታደርጉ የምታገኙት ፎቶ ባለ 50ው ሌንስ ከሚሰጣችሁ ብዙም አይለይም። መኪናው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ልዩነቱ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ኤፍ 1.8 የሚል ሌንስ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ያን የምሽት ብርሃን ብዙ ያስገባል፤ ቀረብ ብሎ ለተነሳ ነገርም ከኋላ ያለውን ዝብርቅርቅ ያደበዝዘዋል። ከዚህ ዓይነት ርካሾቹ የታወቁ ናቸው። የካኖን 50 ኤፍ 1.8 ከሁሉም የተለመደው ነው፤ አሮጌው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1990፣ አዲሱ በ2015 ወጣ። ዮንግኑዎ የሚባል የቻይና ኩባንያም ተመሳሳዩን ይሠራል። ኒኮን ላላቸው በ2009 የወጣው 35 ኤፍ 1.8 ለግቢ ሥራ የተመቸ ነው። ከእነዚህ አንዱን፣ ያገለገለውን፣ እንደ ግቢያችሁ ስፋት መርጣችሁ ብትገዙ ለረጅም ጊዜ ይበቃችኋል። ሌንስ መግዣ ከሌላችሁም ካሜራውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጣችሁ በሰዓት ቆጣሪው ብታነሱ ቆሞ ላለ መኪና በአሮጌው ሌንስም በምሽት ይሠራል።

ያልተገላበጠ ያራል

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ መግጠሙን እዩ። በካኖን ሌንስ አንገት ላይ ቀይ ነጥብ ወይም ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ ካሜራችሁም ላይ ያው ምልክት መኖር አለበት። በኒኮን ደግሞ እንደ ዲ 3100፣ ዲ 3200፣ ዲ 5200 ያሉት ካሜራዎች ውስጣቸው የማጥሪያ ሞተር የላቸውም። ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የማይል አሮጌ ኒኮን ሌንስ ቢገጥምላቸውም በራሱ አያጠራም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሱና በውስጡ አሻግራችሁ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና ተዉት። የኋላው መስታወት ላይ ያለ ጭረት ከፊተኛው የበለጠ ፎቶ ያበላሻል። ቀለበቱን አዙሩት፤ አሸዋ የገባበት ሌንስ ኪርር ይላል። በመጨረሻ ጽሑፍ ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የዱቄት ከረጢት፣ አንሱና በስክሪኑ ላይ አጉሉት፤ ፊደሉ በአራቱም ማዕዘን ይነበብ። ሻጩ “አትሞክረው” ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ከገዛችሁ በኋላ ጠላቱ አቧራ ነው። ሃቡብ ሲነሳ ሌንስ አትፍቱ። ቤት ገብታችሁ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ ቀይሩ። በቀሚስ ጫፍ አትጥረጉ፤ አሸዋው መስታወቱን ይፍቀዋል። መጀመሪያ እፍ የሚያደርግ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጨርቅ።

የማስረጃ ፎቶ እንዴት ይነሳል?

ለዚህ ስልክም ይበቃል። አራቱን ማዕዘን፣ ታርጋውን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ እያንዳንዱን ጭረትና ጉድጓድ ለየብቻ አንሱ። መኪናውን ከሌላው የሚለየው ያች የተሰነጠቀች ስፖኪዮ ናት። ቅጂው ከመኪናው ጋር እንዳይጠፋ ባለቤቱ ራቅ ላለ ታማኝ ዘመድ ይላከው። ይህንን ለራክሻ፣ ለጋሪ፣ ለብስክሌትና ለወፍጮ ሞተርም ማድረግ ይቻላል።

ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት

ይህን ክፍል ወላጆችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በኦመር አልበሽር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2019፣ በሱዳን የውጭ ዜጋ ፎቶ ለማንሳት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ድልድይ፣ የጦር ሰፈርና የመንግሥት ሕንፃ ማንሳት ክልክል ነበር። ጦርነት ባለበት አገር ደግሞ በኬላ ላይ ካሜራ ይዞ መገኘት ብቻውን ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ለስደተኛማ ይብሳል። ስለዚህ ሥራችሁ በግቢ፣ በጋራዥና በሰርግ ቤት ይወሰን። የወታደር፣ የፖሊስና የእርዳታ ድርጅት መኪና አታንሱ። የባለቤቱን ፈቃድ፣ በካምፕ ውስጥ ደግሞ የአስተዳደሩን ፈቃድ ጠይቁ። ዋጋውንም ከማንሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሌላም አለ። ስልካችሁ ፎቶው ላይ ያላችሁበትን ቦታ ሊመዘግብ ስለሚችል የቦታ መግለጫውን አጥፉ። ፎቶ ለሕዝብ የምትለጥፉ ከሆነ ታርጋውን ሸፍኑ፤ የሰው ፊትም ያለ ፈቃዱ አይውጣ። ከመካከላችን ያለበት ቦታ እንዲታወቅ የማይፈልግ ሰው አለ።

የቤት ሥራ

መኪናም ካሜራም የሌለው ልጅ ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። የሚያብረቀርቅ ትሪ ወይም የሻይ ማንቆርቆሪያ ውጭ አስቀምጡ። በቀትርና ፀሐይ እንደጠለቀች በተውሶ ስልክ አንሱና ሁለቱን አስተያዩ። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚታየውን ሁሉ ቁጠሩ፤ እናንተስ ትታያላችሁ? ቦታ እየቀያየራችሁ ራሳችሁን አጥፉ። ይህን የቻለ ልጅ መኪና ፊት ሲቆም አይደነግጥም። ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ የሚገዛውን አውቆ ይገዛል።