ጸጉረ ልውጥ በወደፊቱ ከተማ
ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሚና ጨዋታ በ2024 እ.ኤ.አ. 50 ዓመት ሲሞላው ስለ ጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ብዙ ተወራ። ወሬው ያተኮረው ዘንዶና ጎራዴ ላይ ነበር። እኔ የምወደው ሌላውን ዘርፍ ነው፤ ዘመኑ ገና ያልመጣ፣ ከተማው በካሜራ የተሞላ፣ አራት አምስት ሰዎች መክረው ኮቴ ሳያሰሙ ገብተው ዕቃውን ይዘው የሚወጡበትን።

ሌብነት በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሙያ ሆኖ የገባው በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው፤ ድምፅ ሳያሰሙ የመራመድ ዕድል በመቶኛ ተሰፍሮ ተቀመጠ። መከራውም የመጣው ከዚያው ነው። አንድ ዳይስ ሲከሽፍ የአንድ ሰዓት ምክር አብሮ ይከሽፋል፤ ወዲያው ጥይት ይንጣጣል። በ1988 የማይክ ፖንድስሚዝ ሳይበርፓንክ፣ በ1989 ደግሞ ታሪኩን 2050 ላይ ያደረገው ሻዶውራን ሲመጡ ሰርጎ መግባት የጨዋታው እንጀራ ሆነ፤ የዳይሱ ችግር ግን አብሮ ተሻገረ። ሌላም ተጨመረበት፦ ሀከሩ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲታገል የቀሩት ተጫዋቾች እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ለዚህ መፍትሔ ሻዶውራን በ2005 እትሙ የኮምፒውተር መረቡን ገመድ አልባ አደረገው። በ2020 የወጣው ሳይበርፓንክ ሬድ ደግሞ ሀከሩ ከመግቢያው ነጥብ ከ6 ሜትር እንዳይርቅ ደነገገ፤ እሱም እንደ ጓደኞቹ በሩ ሥር ሆኖ ላቡን ያፈሳል። 

ትልቁ ክርክር ዕቅድ ላይ ነው። የጆን ሃርፐር ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ በ2017 ታትሞ ረጅሙን ምክር ቆረጠው፦ ቡድኑ በቀጥታ ሥራው መሃል ይገባል፤ እክል ሲገጥመው ተጫዋቹ «ዘበኛውን ትናንት አነጋግሬው ነበር» ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዋጋውንም ይከፍላል። ነባሮቹ ተጫዋቾች ይህን ማጭበርበር ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ ገጸ ባህሪው ከተጫዋቹ የበለጠ ልምድ ያለው ሌባ ነውና ተጫዋቹ ያላሰበውን አስቦ ሊገኝ ይገባል። ከዚህም ይበልጥ የማደንቀው የዚያን ጨዋታ ሰዓት ነው፦ ክብ ይሳላል፣ ይከፋፈላል፣ ጥርጣሬ በጨመረ ቁጥር አንድ ክፍል ይጠቁራል። አንድ ስህተት ሁሉን አያፈርስም፤ ይጠራቀማል።

ይህን ለመረዳት የደቡብ ጎንደሯ የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ከሻዶውራኗ ሲያትል ትሻላለች። እስቴ ውስጥ በገበያ ቀን የማይታወቅ ሰው ቢያልፍ ማንም አይጮህም። መጀመሪያ ዓይን ይከተለዋል። ከዚያ አንዲት እናት «ልጄ፣ የማን ቤት እንግዳ ነህ?» ይሉታል። መልሱ ከተምታታ ጸጉረ ልውጥ መግባቱ ከጠላ ቤት ጠላ ቤት ይሰማል። ድሮ ንብረት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አገሩ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ አጥፊው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ከዓይን እስከ አውጫጭኝ ስድስት ክፍል ያለው ሰዓት ይወጣዋል። ጨዋታ መሪ ሳይረንና ሌዘር ከመደርደሩ በፊት ይህን ቢያስብ ተልዕኮው ነፍስ ይዘራል፤ የ2090 ከተማን ካሜራ ማታለል ይቻል ይሆናል፣ የሚያውቁት ሰፈርተኛ መሆን ግን ከባድ ነው።

እኔ የምመኘውን ተልዕኮ ልናገር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ አፄ ቴዎድሮስ ብዙዎቹን ያሰባሰቡት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነበር። ዘመኑ ወደፊት ነው እንበል፤ ብራናዎቹ ከለንደን በታች በማይታወቅ ጎተራ ተቆልፈዋል። ሀከር ያስፈልጋል፣ ዘበኛ የሚያዘናጋ አንደበተ ርቱዕ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ግን ከጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ ያስመሰከረ መሪጌታ ነው፤ በጨለማው መደርደሪያ ውስጥ የተፈለገውን ድጓ ከሌላው ለይቶ የሚያወጣ እሱ ብቻ ነውና። መጽሐፉን ይገልጣል፣ ከቃሉ በላይ የተጻፈውን የዜማ ምልክት ያያል፣ የልጅነቱ ዜማ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል። ዘበኛው በሩ ላይ ነው። ሰዓቱ አንድ ክፍል ቀርቶታል። መሪጌታው ድምፁን እንዲውጥ ተጫዋቹ ዳይሱን የሚጥለው ያኔ ነው።