የቲማቲም ቅጠል ሲነጣ ገልብጦ ማየት ይገባል

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው ሞቃታማ አካባቢ በበጋ መስኖ የሚለማ ቲማቲም ቅጠሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ሲሞላ ውኃ የጠማው ይመስላል። ቅጠሉ ሲገለበጥ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀይ ሸረሪት ድር አድርቶ ጭማቂውን ሲመጥ ይገኛል። ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ እንደ ማላታይን ያለ ፀረ ነፍሳት ደጋግሞ መርጨት ሸረሪቱን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ፈጅቶ ተባዩን ሊያበዛው ይችላል። ባለሙያ ማሳውን ሳያይ ከሱቅ የሚገዛ መድኃኒት፣ በዚህ ዋጋ፣ ለገበሬው ድርብ ኪሳራ ነው።

ክፉኛ የተጠቃውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል፣ ማሳውን ከአረምና ከአቧራ መጠበቅ፣ ውኃ አለማስጠማት ይቀድማል። መርጨት ግድ ከሆነ ለሸረሪት የተሠራውን መርጦ የቅጠሉን ታች ማዳረስ ያስፈልጋል። እንቁላሉ ስለሚተርፍም በሳምንቱ ማሳው እንደገና ይፈተሻል።