ኦክስጅን የሚቀንሰው ሳጥን

ኢንኩቤተር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚተኛበት ማሞቂያ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ በዱባይና በሻርጃ የመካንነት ሕክምና ክሊኒኮች ውስጥ፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ ጽንስ አምስት ስድስት ቀን የሚያድርበት ሳጥን። ሙቀቱ ለሰው ጽንስ 37 ዲግሪ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ለሚያድግ የግመል ጽንስ ደግሞ ከ38 ይበልጣል። ስለ ሙቀት ይኸው ይበቃል።

ሰው የማያውቀው አየሩን ነው። ዱባይ ዴራ ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ስለ ሥራዬ ሳወራ አንድ ጋሼ «መቼም ኦክስጅኑን በደንብ ትለቁለታላችሁ?» አሉኝ። የለም ጋሼ፣ እንቀንስበታለን! የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ በማህፀንና በማህፀን ቱቦ ውስጥ ያለው ግን ከ2 እስከ 8 በመቶ ቢሆን ነው። ጽንስ ኦክስጅን አይጠላም፤ ሲበዛበት ግን ሴሎቹ ውስጥ ጎጂ ነገር ይጠራቀምና ዲኤንኤውን ይነካዋል፣ የሴሎቹም ቁጥር ያንሳል። እንዲህ የተዳከመ ጽንስ ማህፀን ግድግዳ ላይ መጣበቅ ያቅተዋል። ስለዚህ ናይትሮጅን እየለቀቅን ኦክስጅኑን ወደ 5 በመቶ እናወርደዋለን።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ጽንሱ ያለበት ፈሳሽ አሲድነቱ እንዳይዛባ ይጠብቃል። ለልምምድ የምንጠቀምበት ፈሳሽ ቀለም አለው፤ ሳጥኑ ውስጥ ብርቱካንማ ቀይ የነበረው፣ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ሲቆይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። «አንዴ ብቻ ልየው» እያሉ በሩን የሚከፋፍቱ ባልደረቦቼ ያን ቀለም ቆመው ቢያዩት ደግ ነበር።

አየሩን የሚያበላሽ ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ አገር ዑድና በኹር የሚባሉ የሚታጠኑ ሽቶዎች አሉ። ከሽቶ የሚተነውን ነገር ፈሳሹን የሚሸፍነው ዘይት ይመጠዋል፤ ለጽንስም መርዝ ነው። ጽንሱ ወደ ማህፀን በሚተላለፍበት ቀን «ሽቶ አትቀቡ» ሲባሉ የሚቆጡ አሉ፤ ባልየው ደግሞ ታጥኖ ይመጣል። ኧረ እባካችሁ!

ፈሳሹም ራሱ ቀላል አይደለም። የደም ሴረም በተጨመረበት ፈሳሽ ካደጉ የላምና የበግ ጽንሶች ከልክ በላይ የገዘፉ ጥጆችና ግልገሎች ተወልደዋል።

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የግመል ነገር ነው። በዓለም የመጀመሪያዋ ክሎን ግመል ኢንጃዝ፣ ከ378 ቀን እርግዝና በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2009 የተወለደችው እዚሁ ዱባይ ነው። መነሻዋ ከታረደች ግመል እንቁልጢ የተወሰደ ሴል ነበር፤ ከዚያ የተሠራው ጽንስ ላብራቶሪ ውስጥ አድጎ ነው ለተሸካሚዋ ግመል የተላለፈው። የግመል ጽንስ ደግሞ የራሱ አመል አለው። እንቁላሉ ከቀኝም ይውጣ ከግራ፣ ጽንሱ ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚያድገው በግራው የማህፀን ቀንድ ነው፤ ከቀኝ የመጣው ተሻግሮ ግራውን ይይዛል።